በር ሥር የነበረው ሳል

የባለቤቴ አባት ካረፉ ወዲህ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ቤታችን አዳማ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ነው፤ ማታ ጅብ ደጃችን ድረስ ይመጣል። እሳቸው ቁርበታቸውን በር ሥር ያነጥፉና፣ "አይዞሽ ልጄ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። የኔ አጥንት ደግሞ ጥርሱን ይሰብረዋል" ይሉኝ ነበር። ጅቡ በጮኸ ቁጥር ጠንከር አድርገው ይስላሉ። ያንን ሳል ስንሰማ ሁላችንንም እንቅልፍ ይወስደን ነበር።

አሁን ቁርበቱ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ትናንት ማታ ጅቡ ሲጮህ ትንሹ ልጄ መደቡ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ ሰማሁት። ቢጨንቀኝ በጨለማው ውስጥ እንደሳቸው አድርጌ ሳልኩ።

"አባባ መጡ" አለና ወዲያው ተኛ።

እኔ ግን ዓይኔን በሩ ላይ እንደተከልኩ ነጋ። ለኔስ ማን ይሳልልኝ?