ፍሬን በሊታ

እኔ ድሮም አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ሰልፍ ላይ ስቆም እግሬ ዝም አይልም፣ ሰው እያወራኝ ጣቶቼ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንቺን ሳረግዝ ሚጥሚጣ አብዝቼ መሆን አለበት" ትለኝ ነበር። መኪናችን ያንን ድምፅ ማሰማት ከጀመረች ወዲህ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ከኮንዶሚኒየማችን ወደ ጀሞ አስፋልት የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ፣ ከኋላ በግራ በኩል ሲጢጥ ይላል። ብረት በብረት ሲፋቅ ጥርስ የሚያሳክከውን ዓይነት ነው። መስኮት ከፍቼ አዳምጣለሁ፣ ዘግቼ አዳምጣለሁ፣ ወርጄ ጎማውን ዞሬ አያለሁ፣ ምንም አይታየኝም።

መኪናዋ አዲስ ናት፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ፣ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ገና ያልተነሳላት። የሸጠልን ልጅ "የእነዚህ ፍሬን ቶሎ አያልቅም፣ ፍጥነቷን ራሷ ናት የምትቀንሰው፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋችኋል" ብሎን ነበር። ዋራንቲውስ ብዬ ስጠይቀው "ሙሉ ነው" አለኝ። አፉን ሞልቶ ስለተናገረው አመንኩት።

በአብዛኛው የምነዳት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ሰርቪስ ያመላልሰዋል። እኔ የምሠራው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያለ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ተረኛ ስሆን አምሽቼ እወጣለሁ። መኪና እንግዛ ብለን የተስማማነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከስንት ዓመት የታክሲ ግፊያ በኋላ በሬን ዘግቼ፣ መሪዬን ጨብጬ፣ ማንም ሳይረግጠኝ ስሄድ ምን እንደተሰማኝ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በቃ።

ድምፁ አላስቀምጥ ሲለኝ ባለቤቴን ይዤ ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ሄድኩ። ጎማዎቹን አወለቋቸው። የሦስቱ ጎማዎች የፍሬን ሸራ ወፍራም ነው፤ የኋላ ግራው ግን ተፍቆ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። የዋራንቲ ኃላፊ የተባለው ሰውዬ መጣ፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ። ያለቀውን ሸራ አገላብጦ አየና እኔን አልፎ ወደ ባለቤቴ ዞረ።

"ማን ነው የሚነዳት?"

"እሷ ናት" አለ ባለቤቴ።

ውሸት አልተናገረም። አነጋገሩ ግን ጣቱን የቀሰረብኝ ያህል ነበር። ሰውዬው ነገሩ የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

"የአነዳድ ችግር ነው" አለ። "ሴቶች እግራቸውን ፍሬኑ ላይ አስቀምጠው ነው የሚነዱት። ደግሞም ሸራ አላቂ ዕቃ ነው፣ ዋራንቲ አይሸፍነውም።"

"እና እግሬ የኋላ ግራውን ጎማ ብቻ መርጦ ነው የሚረግጠው?" አልኩት።

ፈገግ አለ። "እህቴ፣ አይናደዱ።"

እኔ ደግሞ ደሜ የሚፈላው ልክ እንዲህ ሲሉኝ ነው። አንድ ነገር ይላል ብዬ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እሱ ስልኩን ያያል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ያሉት ይሄኔ ነው።

ሸራውን በራሳችን ወጪ ላፍቶ ያለ አንድ የሰፈር ጋራዥ አስቀየርነው። ከዚያ ወደ ቤት ስንመለስ መሪውን የያዘው እሱ ነበር። ግቢ ገብተን ካቆመ በኋላ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

"ለጊዜው እኔ ልያዛት" አለኝ። "አነዳድሽን እስክታስተካክዪ።"

"ያ ሰውዬ መቼ አብሮኝ ተቀምጦ አነዳዴን አየ?"

"ባለሙያ ነው የተናገረው።"

"ባለሙያነቱ ዋራንቲ በመከልከል ነው" አልኩት።

"እሺ በቃ፣ አትጩሂ" አለኝ። አልጮህኩም ነበር። እንደዚያ ካለኝ በኋላ ግን ጮህኩ።

የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ላፍቶ ነው፤ አካባቢው ገና እርሻ ሳለ በሠሩት ቤት ውስጥ። እሁድ እሁድ ልጆቻቸው ሁሉ እዚያ ተሰብስበን ምሳ እንበላለን። በዚያው ሳምንት እሁድ ባለቤቴ ነገሩን ከነሰውዬው አነጋገር ዘረገፈው። ታናሽ ወንድሙ አፉን ከወጥ አላቅቆ "በሉ ተጠንቀቁ፣ ፍሬን በሊታ ናት!" አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አማቴ ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ይኸው ሆነ። ዳቦ ሲቆረስ "ለፍሬን በሊታ አሳንሱላት፣ ሌላ የምትበላው አላት" ይላሉ። አብሬ እስቃለሁ። ተጫዋች ናት ስባል የኖርኩ ሰው ዛሬ ባኮርፍ፣ እውነትም ጥፋቱ የሷ ነው ሊሉ ነው።

መኪናዋን መቀማቴ አናዶኛል፣ አልዋሽም። ከዚያ በላይ ያንገበገበኝ ግን የቃሌ መውደቅ ነበር። ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው፣ እኔ "አልረግጥም" እያልኩት፣ አንድ ቀን እንኳ ከጎኔ ያልተቀመጠ ሰውዬ "ትረግጣለች" ስላለው አመነው። ሌሊት ስገላበጥ የማስበው እሱን ነው።

እሱ ሰርቪሱን ትቶ በመኪናዋ መመላለስ ጀመረ፤ እኔ ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለስኩ። ክረምቱም ገባ። ጠዋት ከጀሞ ተጋፍቼ እወጣለሁ፣ ማታ ሀይሌ ጋርመንት ላይ ጃንጥላዬን ይዤ እቆማለሁ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬም ሰላም የለኝም። ሾፌሩ ፍሬን በረገጠ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል፣ የቀኝ እግሬ ሳላዝዘው ወለሉን ይጫናል። አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጬ ሾፌሩ እግሬን አየና "እህት፣ ፍሬኑ እኮ እኔ ጋ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ከወረድኩ በኋላ ያ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እግሬ አርፎ እንደማያውቅ እኔም አውቃለሁ። ምናልባት ሰውዬው እውነቱን ቢሆንስ? ምናልባት ሳይታወቀኝ ስረግጥ ከርሜ ቢሆንስ? ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ይሄን ያደረገብኝን ሰውዬ አብዝቼ ጠላሁት።

ድርጅቱ ጋ መደወሌን ግን አልተውኩም። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ደውዪ፣ ነገ ስደውል ሌላ ክፍል ነው የሚመለከተው፣ ሌላው ክፍል መልሶ ወደ መጀመሪያው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብኝ። በመጨረሻ አንዷ ልጅ አዘነችልኝ መሰል "ያለቀውን ሸራ ይዘው ቢመጡ እንደገና ሊታይ ይችላል" አለችኝ። ያለቀው ሸራ የቀረው ላፍቶ፣ ያስቀየርንበት ጋራዥ ነው። ለባለቤቴ ምንም ሳልነግረው ከሥራ በፊት ሄድኩ።

መካኒኩ ሻይ እየጠጣ ነበር። የመጣሁበትን ስነግረው "የትኛውን ሸራ?" አለኝ። "የመጀመሪያውን ነው ወይስ አሁን ባለፈው የቀየርነውን?"

"የቱን ባለፈው?"

"ጋሼ ይዘዋት መጥተው ነበር እኮ። ያው የኋላ ግራው ነው፣ አሁንም አልቆ። አልነገሩሽም እንዴ?"

ነገር እንዳበላሸ ገባውና ሻዩን አስቀምጦ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለቱንም ሸራ በፌስታል አድርጎ አመጣልኝ። አወጣኋቸውና ጎን ለጎን ያዝኳቸው። አንዱ በእኔ እግር፣ አንዱ በእሱ እግር ያለቁ ናቸው፤ የቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እዚያው ጋራዥ ደጃፍ ላይ፣ ጭቃው መሀል፣ ለብቻዬ ሳቅኩ። እግሬ ነጻ ወጣ፣ አላበድኩም አልኩ። ወደ መንገዱ ስወጣ ግን ሌላው ነገር መጣብኝ። ለካ እሁድ ወደ እናቱ ቤት ስንሄድ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የሚከፍተው ድምፁን እንዳልሰማ ነው። ሬዲዮ ወዳድ ሰው አልነበረም። አውቆ ዝም ብሎኛል። ባለፈው እሁድ ፍሬን በሊታ ሲሉኝ፣ እያወቀ፣ ከእነሱ ጋር ስቋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ዳዋው ሲመታ አይጡ ቁጭ ብሎ ያያል።

ማታ ራት ከማቅረቤ በፊት ሁለቱን ሸራዎች ጠረጴዛው ላይ ፊቱ አስቀመጥኳቸው። አያቸው። ቀና ብሎም አላየኝ።

"ልነግርሽ ነበር" አለ።

"መቼ?"

ሸራዎቹን በጣቱ ገፋ አድርጎ "አፈርኩ" አለኝ። "በሰው ፊት ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ በየት በኩል ልመለስ?"

አንጀቴን ሊበላኝ ሲል ራሴን ያዝኩት። "በሄድክበት በኩል ነው የምትመለሰው" አልኩት። "ነገ ፈቃድ ውሰድ። ያ ሰውዬ ፊት ትናገራለህ።"

ተናገረ። ይሄን አልነፍገውም። ኃላፊው ያንኑ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ አሁንም እኔን ዘሎ "ማን ነው የሚነዳት?" ብሎ ሲጠይቀው ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገና "እኔ ነኝ" አለ። "ሁለተኛው ሸራ ያለቀው እኔ ስነዳት ነው። እሷ ቁልፉን አልነካችም።"

አሁን የት ይገባል ብዬ ሰውዬውን አየሁት። የትም አልገባም።

"እንግዲያውስ መንገዱ ነው" አለ ሳይጨነቅ። "ጀሞ አይደል የምትኖሩት? ቁልቁለቱ አለ፣ አቧራው አለ፣ ኮረቱ አለ። የመንገድ ችግር ደግሞ ዋራንቲ አይሸፍነውም።"

"እኔ ስነዳት በየት በኩል ነበር የምሄደው፣ በሰማይ?" አልኩት።

ለእኔ አልመለሰልኝም። ባለቤቴ ግን ከወንበሩ ተነሳ። "ጥያቄውን ይመልሱላታ" አለው። ድምፁ ሲቆጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰውዬው ማመልከቻ አስገቡ፣ ይታያል አለን። አስገባን። እኔ ይሄን እስክጽፍ ድረስ እየታየ ነው፤ እኛም በየጊዜው ሸራ እየቀየርን እንነዳለን።

ወጥተን መኪናዋ ጋ ስንደርስ ቁልፉን ዘረጋልኝ። "በቃ፣ ያንቺ ናት። ይቅርታ" አለኝ።

አልተቀበልኩትም። "ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን እኔማ አውቀዋለሁ" አልኩት። "በሰው ፊት የወጣ ስም በሰው ፊት ነው የሚመለሰው። ለእናትህ ደውል። እኔም እንድሰማ ድምፁን ክፈተውና ደውል።"

"አሁን?"

"አሁን።"

ደወለ። እናቱ አነሱት። እንዴት አደርሽ አላቸው፣ ጉልበታቸውን ጠየቀ፣ መብራት መጣ ወይ አለ፣ የጣራውን ማፍሰስ ጠየቀ፣ ጎረቤታቸውን ጠየቀ። እኔ እጄን አጣጥፌ እግሬን መሬት ላይ እየደበደብኩ ጠበቅኩት። የሚጠይቀው ሲያልቅበት ዓይኑን ጨፍኖ ተናገረ።

"እማዬ፣ ያ የፍሬኑ ነገር የሷ ጥፋት አይደለም። እኔ ስነዳትም ያው ሆነ። ካወቅኩም ቆይቻለሁ።"

ስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

"አጠገብህ ናት?" አሉት።

"አለች።"

"ስጣት።"

ተቀበልኩት። ምን ሊሉኝ እንደሆነ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። ተይው ልጄ፣ ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ቻል አድርጊው ይሉኛል ብዬ መልሴን በምላሴ ጫፍ አዘጋጅቻለሁ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ቁልፉን ከወሰደብሽ ጀምሮ ሥራ የምትሄጂው በምን ነበር?"

"በታክሲ ነው፣ እማማ።"

"ስታመሺስ?"

"ሳመሽም በታክሲ።"

"በዚህ ዝናብ? እኛ ቁጭ ብለን ስንስቅብሽ?"

ያዘጋጀሁት መልስ ለዚህ አልሆነም። እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ መኪናዋ አዞርኩ። ይሄንን ጥያቄ ባለቤቴ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የስልኩ ድምፅ ክፍት ስለሆነ ቁልፉን እንደያዘ ቆሞ ሰማው።