ቺንጋው የያዘው እጅ

ኅዳር አጋማሽ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መቱ ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ የቡና መፈልፈያ ቤት ውስጥ አንድን ሠራተኛ ቀኝ እጁን ማሽን ያዘው። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። የሄድኩት ስለ ዘመኑ ምርት ለሬዲዮ ዜና ልሠራ ነው።

በዚያ ሰሞን ዝናቡ አላባራም ነበር። እርጥበት ሲገባው ሞተሩን ከመፈልፈያው ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቺንጋ ይንሸራተታል። የዚያ ቤት መላ የማር ሰም ነው፤ ቺንጋው ላይ ሲቀቡት ይጨብጣል። የሚቀቡት ግን ሞተሩ እየሠራ ነው። የናፍጣ ሞተሩ አንዴ ከጠፋ በእጅ አዙሮ ለማስነሳት ስለሚያለፋ ማንም አያጠፋውም።

ሰውየው ከዳሪሙ የመጣ፣ በቡና ወቅት ብቻ የሚሠራ ገበሬ ነበር። ሰሙን በመዳፉ ይዞ ሞተሩን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ሞተረኛ፣ "ጋሼ፣ ለአፍታ ቢያጠፉትስ?" አላቸው።

"ምነው፣ ሙሽራ ነህ እንዴ? እጅህ እንዳይቆሽሽ ነው?"

ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እሱም ስቆ ሰሙን ቺንጋው ላይ ለጠፈ።

ሰሙ እንደተጣበቀ ቺንጋው መዳፉን ይዞ ወደሚዞርበት መዘውር ወሰደው። አጥንቱ ሲሰበር ከሞተሩ ድምፅ በላይ ተሰማ። እጁ እስከ አንጓው ገብቶ መዘውሩን ቀረቀረው፤ ቺንጋው በላዩ እየፈተገ ጨሰ። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተ።

"ሃርካ ኮ! እጄን! እጄን!"

ሞተረኛው አጠፉት። ተሸካሚዎቹ መዘውሩን ወደ ኋላ ሊያዞሩ ተረባረቡ።

"አትንኩት! ቺንጋውን ቁረጡት! በቢላ ቁረጡት!" ብሎ ጮኸ ሰውየው።

አልሰሙትም። ሦስት ሆነው አዞሩት። እጁ ወጣ፤ የጣቶቹ ቆዳ ተገፎ መዘውሩ ላይ ቀረ።

እኔም አብሬያቸው በገባሁበት ባጃጅ ውስጥ ሞተረኛው እጁን በነጠላቸው ጠቅልለው ወደ ላይ ያዙለት።

"አይዞህ ወንድሜ፣ ደረስን።"

"ዝም በሉ፣ ጋሼ።"

ሆስፒታል ስንደርስ ነጠላው ተፈታ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሰውየው በደህና እጁ ጋዋኑን ጨምድዶ ያዘው።

"ዶክተር፣ ሌላውን እንደፈለጉ ያድርጉት። አውራ ጣቴን ብቻ ይተዉልኝ፤ እርፍ የምጨብጥበትን።"

"የምችለውን አደርጋለሁ" አለው ሐኪሙ።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጣ። ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ተርፈዋል። አውራ ጣቱ ተቆርጧል።