በመቀነት የታሰረ ቱቦ

አባቴ ሰው ፊት ሞገስ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሕመሙ ግን የማይደበቅ ዓይነት ሆነበት። የሐሞቱ ቧንቧ ተዘግቶ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሲሆን፣ ሐኪሞች በቀኝ ጎኑ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሐሞቱ ወደ ላስቲክ ከረጢት እንዲወርድ አደረጉ። ነርሷ ስታሰናብተን «ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ከረጢቱም ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል» አለች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ራሱን ሲነቀንቅ እሺ ማለቱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ ደረሰ። ጎረቤቶች በጋራ በሬ ሲያርዱ ሥጋውን የሚደለድለው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቢደለድል አኩራፊው ይበዛል። ቱቦውን አጥፎ፣ ከረጢቱን ከሆዱ ጋር በመቀነት ጥብቅ አድርጎ አሰረና ጋቢውን ደረበበት።

«አባ፣ ምን ተብለህ ነበር?» ብዬ ጮኽኩ።

«ሐሞት አንጠልጥዬ ሥጋ ላካፍል? በዓል አታበላሺ!» ብሎ ወጣ። ሲስቅና ሲያስቅ ዋለ።

በማግሥቱ ከፋሻው ሥር ሐሞት ሾልኮ ጎኑ ቀልቷል፤ ጣት ሲነካው ይጮኻል። ለበዓል ከሻንቶ የመጣችው እኅቱ «ቅቤ ያበርደዋል» ብላ ለጋ ቅቤ ቀባችው። በንዴት በገንኩ። ቅላቱ ወደ ጭኑ ሲወርድና ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠው፣ በባጃጅ ይዘነው ሆስፒታል ሄድን። ነርሷ በቅላቱ ዙሪያ በእስክሪብቶ አሰመረችና «ይህን ካለፈ ጥሪኝ» አለችኝ።

ዓይኔን ከመስመሩ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቅላቱ አለፈው። ልጠራት ስነሳ አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ተይ ልጄ፣ አሁን አያመኝም።»

«ጌታ ይመስገን፣ ለቀቀው!» አለች አክስቴ። እኔም ከበዓሉ ጀምሮ ላኮረፍኩት አባቴ ሳቅሁለት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቢሆንም ነርሷን ጠራኋት፤ አይታ ሐኪሙን ይዛ መጣች።

ሐኪሙ ወደ ጥቁርነት ያደላውን ቆዳ ጫን አድርጎ፣ «አባባ፣ እዚህ ጋ ያምዎታል?» አለው።

«ምንም!» አለ አባቴ፣ ኮራ ብሎ።

ሐኪሙ ፈገግ አላለም። ወደ በሩ ወሰደኝ።

«ተሽሎት አይደለም እኅቴ፤ ሥጋው ሞቶ ነው ሕመሙ የጠፋው። ሕያው ሥጋ እስክናገኝ ድረስ የሞተውን መቁረጥ አለብን፤ አሁኑኑ።»

ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገፉት እንባዬን አየብኝ።

«ምን ያስለቅስሻል? አያመኝም አልኩሽ እኮ» አለኝ፤ ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ሆነ።