የሆመቾ እናቶችና የተመጣጠነው አጥሚት

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ገበያ ዳር ካለ ሱቅ ስኳር ስገዛ፣ አንዲት ወጣት እናት የልጆች ዱቄት ቆርቆሮ አንስታ ታገላብጥ ነበር። ባለሱቁ «የተመጣጠነ ምግብ ነው፣ ውሰጂው» አላት፤ ከፍላ ወሰደች። እኔ ግን ያንን ቃል ስሰማ ዛሬም ደንገጥ እላለሁ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ስለ ልጆች አመጋገብ እንዳስተምር ሀዲያ ውስጥ ሆመቾ ተመደብኩ። የዱራሜ ልጅ ስለሆንኩ ከምባትኛ እንጂ ሀዲይኛ አላውቅም፤ ከእናቶቹ ጋር የምንግባባው ሁላችንም በትምህርት ቤትና በገበያ በለቃቀምነው አማርኛ ነበር። ዓይን አፋር ልጃገረድ ነበርኩ። ሰው ፊት ከመናገሬ በፊት የምለውን በልቤ እደጋግመዋለሁ። ለመጀመሪያው ትምህርቴም ከመጽሐፍ ያገኘኋቸውን ጥሩ ጥሩ ቃላት አጥንቼ ሄድኩ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከእንሰቱ ቅጠል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። እናቶቹ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበዋል። የቀረች ከሸማቾች ሱቅ ስኳር እንደማታገኝ ስለተነገራቸው እንጂ ወደው አልመጡም። ገብስና ሽምብራ አስፈጭቼ ያመጣሁትን ዱቄት አጥሚት አድርጌ አፈላሁት፤ ቅቤም ጠብ አደረግሁበት። ቤቱን የተቆላ ገብስ ሽታ ሞላው።

«ይህ የተመጣጠነ ምግብ ነው» አልኩ። «ሁሉም በመጠን ገብቶበታል።»

ማንም እጇን አልዘረጋችም።

ፊት ለፊቴ አየለች የምትባል ሴት ተቀምጣለች። ሌላ ስላረገዘች ጡቷ ደርቋል፤ የታቀፈችው ሕፃን ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። የምትሰጠው የእንሰት ቡላ ብቻ ነው፤ ቡላ ደግሞ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ተቅማጥ ሲገባ ቀድመው የሚሞቱት እንዲህ ያሉት እንደሆኑ አውቃለሁ። ልቤ እሱ ላይ ስለነበር፣ አይተው እንዲያምኑኝ ብዬ ኩባያውን አንስቼ ራሴ ጠጣሁ።

«አንቺማ ጠጪ፣ ልጄ» አሉ ከኋላ አንዲት ትልቅ ሴት። «አላገባሽ፣ አልወለድሽ፤ ምን ይቀርብሻል?»

ሴቶቹ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ከማን ምን ሰምተው ይሆን? የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ጠረጠርኩ። ዱቄቱን የፈጨልኝን ባለ ወፍጮ ጠረጠርኩ። ጃንጥላ ይዞ በር ላይ የቆመውን ካድሬማ ቀና ብዬ ለማየትም ፈራሁ። ያኔ ሰው ከመጠየቅ መጠርጠር ይቀለው ነበር።

ስብሰባው ሲበተን አየለችን ተከትዬ ወጣሁ። «እህቴ፣ በእግዚአብሔር፣ ለልጁ ለምን አላቀመስሽውም?»

ግራ ቀኝ አየች። «ምጣኔ አለበት።»

«ምን?»

«ራስሽ አልሽ እኮ! የተመጣጠነ አላልሽም? ባለፈው ነርሷ ‹የቤተሰብ ምጣኔ› ብላ ልጅ የሚያስቀር ክኒን አሳየችን። ክኒኑን አንወስድም ብንል በአጥሚት አመጣችሁት። ይሄ ልጅ ነገ እንዲመክን ነው? በሆዴ ያለውስ?»

ገብስና ሽምብራ ብቻ መሆኑን ማልኩላት።

«እሱን እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች።

እውነቷን ነበር። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያያል?

«ቤትሽ ገብስ አለሽ?» አልኳት።

«አለ።»

«ሽምብራስ?»

«ከጎረቤት አላጣም።»

«እንግዲያው ራስሽ ሥሪው።»

በማግስቱ ቤቷ ስሄድ በር ላይ አስቁማ ነጠላዬን አስራገፈችኝ። ከዚያ ከምድጃው ራቅ አድርጋ በርጩማ ሰጠችኝ። «እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። በአፍሽ ብቻ ንገሪኝ።»

«ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ...»

«መጣሽ ደግሞ በመጠንሽ!»

«እሺ፣ ገብሱ ይብዛ፣ ሽምብራው ይነስ።»

ሳቅ አመለጣት። ቆላች፣ ፈተገች፣ በድንጋይ ወፍጮ ፈጨች፣ ነፋች። አጥሚቱ ሲፈላ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰች፤ ሆዷን ዳሰስ አድርጋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ በጣቷ ጫፍ ለልጁ አስላሰችው። ፊቱን አጨማደደ፣ ላሰ፣ ደግሞም አፉን ከፈተ። እኔ እጄን ከጭኔ ላይ አላነሳሁም።

ጥር ላይ ከገበያ ስትመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሆዷ ገፍቷል፤ ከጀርባዋ የልጁ ወፍራም እግሮች ተንጠልጥለዋል። ልስመው ጠጋ ስል ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቱን ሸፈነችው። «ደህና ነው» ብላኝ አለፈች። ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም አታምነኝም ብዬ እንባዬ መጣ።

አምናኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን እኔም በተራዬ ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ የራሴን ልጅ ሰው ሲያደንቅብኝ እጄ ሳላዝዘው ወደ ነጠላዬ ሲሄድ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ። አየለች ያን ዕለት ልጁን የሸሸገችው ከእኔ ዱቄት አልነበረም። ልጇ አምሮበት ነበር፤ ያማረ ልጅ ደግሞ ከሰው ዓይን ይሸሸጋል።