የአዳራሹ ጋቢዎች

ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ከእኔ ጎሚስታ ቤት ፊት ለፊት አንድ አዳራሽ አለ። በደርግ ጊዜ ለስብሰባ ተብሎ የተሠራ ነው። ጣሪያው ወደ ሰማይ የተንጋደደ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ደረጃው በውጭ በኩል ዞሮ የሚወጣ የሲሚንቶ ጉድ። ስብሰባው ሲቀር የሰሊጥ መጋዘን ሆነ። ሰሊጡም ሲቀር የሌሊት ወፍ ገባበት። የሌሊት ወፉን በበርበሬ ጭስ ያስወጣችው ሀብትነሽ ናት። እኔም እዚህ ማዶ ሆኜ ስነጥስ ሰነበትኩ፤ ይቅርታ የጠየቀኝ የለም።

ሀብትነሽ የስማዳ ሴት ናት። ለሰሊጥ አጨዳ ወርዳ እዚሁ ቀረች። ሥራዋ ጋቢ ማስቀመጥ ነው። አትሳቁ። ሳሉጉ፣ ማለቴ ከደጋ ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ፣ ጋቢውን ደርቦ ከአውቶቡስ ይወርዳል። በእኛ ሙቀት እንኳን ጋቢ ሸሚዝም ይከብዳል። እርሻ ይዞት ቢሄድ ይሰረቃል። ስለዚህ ለእሷ አደራ ሰጥቶ ይሄድና ኅዳር ላይ ወደ አገሩ ሲመለስ ይወስዳል።

ስም አትጠይቅም። ግማሾቹ በረሃ ሲወርዱ ስም ይቀይራሉ፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ባለቤቱ ራሱ ጋቢውን ጠቅልሎ በሲባጎ ያስረዋል። ሲመለስ ሌላ ሲባጎ ትሰጠውና «በል እሰር» ትለዋለች። ያው ቋጠሮ ከወጣ ጋቢው የእሱ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አያስርም ባይ ናት። ስንት ጊዜ ተከራከርኳት፤ አንድ ቀን አሸንፌ አላውቅም።

ሳይመለስ የቀረ ካለ እስከ ጥምቀት ትጠብቀዋለች። ከዚያ ቋጠሮውን ስታየው ሰውየው ዓይኗ ላይ ድቅን ይላል፤ የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ከእነማን ጋር እንደመጣ። ጋቢውን ለአገሩ ሰው አስይዛ ትልካለች። ወባም ይግደለው እባብ፣ ወይ ጋላባት ተሻግሮ የሱዳን ጦርነት ይብላው፣ ጋቢው ሲደርስ ቤተሰቡ እርሙን ያወጣል። እናቱ በር በሩን ስታይ አትኖርም።

ዘንድሮ አዳራሹ ይታደስ ተባለና ናሁሰናይ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከጎንደር መጣ። የተቦረቦረውን ግድግዳ እያሻሸ «ይሄ እኮ ቅርስ ነው» ይለኛል። እኔ ስንቱ ሲሸናበት ያየሁት ግድግዳ ነው። ልጁ ክፉ አይደለም። አዳራሹን የወጣቶች ንባብ ቤት አደርገዋለሁ ሲል ለሀብትነሽም ከመድረኩ ጀርባ ያለውን ክፍል ሰጣት፣ መደርደሪያ አሠርቶ። በሩ ላይ «የአደራ ክፍል» ብሎ አጻፈላት። ላለመሳቅ ከንፈሯን ስትነክስ አይቻታለሁ።

ጥቅምት ላይ ሀብትነሽ ሽንፋ ወደሚባል ቀበሌ ለቅሶ ሄደች። ናሁሰናይ ይህን ጊዜ ሊያስደስታት አሰበ። የሰው ዕቃ አጥቦ መመለስ ወግ ነው፤ እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች። ሲባጎውን ሁሉ ፈትቶ አቃጠለ፣ ሴቶች ቀጥሮ ጋቢዎቹን አሳጠበ፣ አጣጥፎ ደረደራቸው። ነጭ በነጭ።

«እትዬ ሀብትነሽ፣ አማረልዎት?» አላት ስትመለስ።

መደርደሪያውን አየች። ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ሰዎቹን ምን አደረግሃቸው?»

«የትኞቹን ሰዎች?»

የቋጠሮውን ነገር እኔ ነገርኩት። አመዱ ቡን አለ። ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፣ አሳዘነኝና ተውኩት። ሀብትነሽማ «አደራ በላች ሊሉኝ ነው፤ ጨርቄን ማቄን ሳልል ልጥፋ» እያለች ሰነበተች። ግን አልጠፋችም።

ኅዳር ላይ ሳሉጎቹ አዳራሹን ሞሉት። መድረኩ ላይ ወጣች። ያ መድረክ ከተሠራ ጀምሮ እውነት ሲነገርበት የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«አደራችሁ ታጥቦ ተቀላቅሏል። ቋጠሮ የለም። የማን የማን እንደሆነ አላውቅም። መስደብ ከፈለጋችሁ እኔን ስደቡ፣ ልጁን እንዳትነኩት» አለች።

አገኘሁ የሚባል አንድ የጎጃም ሰው ተነሣ። «እንግዲህ የደጋው ብርድ ለሁላችንም አንድ ነው» ብሎ ከላይ ያለውን ጋቢ አንሥቶ ለበሰ። ሌሎቹም ተከተሉት። አንዱ አጭር ሰው የዘንካታ ጋቢ ደርሶት መሬት እየጠረገ ወጣ። የተጨቃጨቀ የለም። ናሁሰናይ እጄን ጨብጦ «ተገላገልን!» አለኝ። እኔም የተገላገልን መስሎኝ ነበር።

ጥምቀት አለፈ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ጋቢ ቀረ። ሀብትነሽ አንዱን ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ አሸተተችው። ሳሙና ሳሙና ይላል። «የማን ልጆች ናቸው?» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?

ሁለቱን ታቅፋ አውቶቡስ መናኸሪያ ወረደች። ወደ ደጋ በሚወጣው መኪና ሁሉ መስኮት ሥር እየቆመች «ከአገራችሁ ወርዶ ያልተመለሰ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። የለም ያለ መኪና አልነበረም፤ የቀረው ሰው ብዙ፣ ጋቢው ሁለት። ጋቢዎቹን እንደታቀፈች ተመለሰች።