ሸራው እስኪላመድ

ሳይክሌ ከእኔ በፊት ሁለት ባለቤት ያየ ማውንቴን ነው። ቢቸና ውስጥ የዲስክ ፍሬን ያለው ሳይክል የምትነዳ ሴት ከእኔ ሌላ አላየሁም። ከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ለሥራ የምመላለሰው በእሱ ነው። ባጃጅ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም።

የፍሬኑ ሸራ አልቆ በግ ተራ መሃል ሰተት ብዬ የገባሁ ቀን አባቴ ቁርጡን ነገረኝ፤ ከእንግዲህ በዚህ ሳይክል የተነሣ አንድ ሰው ቢቀየመኝ ይሸጣል። አባቴ ደግሞ ያለውን ያደርጋል።

አዲስ ሸራ ከሞጣ አስመጣሁ። እዚያ መለዋወጫ የሚሸጡት ሽማግሌ በአውቶቡስ ልከውልኝ አገጣጠሙን በስልክ ነገሩኝ። ዋናው ግን ከዚያ በኋላ ነው አሉ፤ ሸራው ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ፈጠን ብዬ እየነዳሁ ጠበቅ አድርጌ መያዝ፣ የእግረኛ ያህል ስቀንስ ለቅቄ እንደገና መንዳት፤ ሃያ ጊዜ።

"ብቻ እንዳትቆሚ፣ የእኔ ልጅ። በጋለበት ቀጥ ካልሽ ሸራው ዲስኩ ላይ ይታተማል፤ ከዚያ ሲንጫጫብሽ መኖር ነው።"

ሰፈራችን ውስጥ ለዚህ የሚሆን አስፋልት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሚያልቀው ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ከሰዓት በኋላ በሚቀመጡበት ደጅ ላይ ነው። የኔታ ለሕፃን እንኳ ብድግ የሚሉ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ስቀንስ ጉልበታቸውን ልስም የመጣሁ መስሏቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው "ኖር" አሉ። "በእግዜር፣ ይቀመጡ" ብዬ ዞሬ ተፈተለክሁ። ተመልሼ ስመጣ እንደገና ተነሡ። አራተኛው ላይ ከዘራ አስፈለጋቸው። ሰባተኛው ላይ መነሣቱን ትተው ያዩኝ ጀመር። አፈርሁ። ግን አልቆምሁም፤ ሃያውን ጨረስሁ።

ማታ አባቴ እራት ላይ "የኔታን ስታስነሺ ስታስቀምጪ ዋልሽ አሉ" አለኝ። ሳይክሉ ለገበያ ቀን እንደሚሸጥ ነገረኝና እጁን ታጠበ።

ጠዋት ሳይክሉን እየገፋሁ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። አባቴ ከኋላዬ መጣ። መለማመጥ አልችልበትም፤ እንዳለ ነገርኋቸው።

"ንቄዎት አይደለም የኔታ። ብቆም ፍሬኑ ይበላሽ ነበር፤ ፍሬኑ ከተበላሸ ደግሞ ሰው ላይ እወጣለሁ።"

የኔታ ተነሥተው አስፋልቱ የሚያልቅበት አፈር ላይ በከዘራቸው መስመር አሰመሩ። እየነዳሽ መጥተሽ እዚህ ላይ ቁሚ አሉኝ። ከመስመሩ ወዲያ አባቴን ገተሩት።

ከሩቅ ተነሥቼ በሙሉ ኃይሌ መጣሁ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ፊተኛው ጎማ መስመሩ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ሳይንጫጫ፣ ቀጥ አለ።

ወርጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። የኔታ ቁጭ ብለው ሰላምታ ጀመሩ። እናቴን ጠየቁኝ፤ ደብረ ወርቅ ያለችውን አክስቴን፣ ልጆቿን፣ የወለደችውን ላማችንን፣ ጥጃዋን ሳይቀር። እየተቁነጠነጥሁ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ። የትናንቱን ሃያ ሰላምታ አንድም ሳያስቀሩ ተቀበሉኝ።

በመጨረሻ አባቴ ራሱ ሰለቸውና ሥራ እንደሚረፍድብኝ ነገራቸው።

"በሳይክል አይደል የምትሄደው?" አሉት የኔታ። "ትደርሳለች።"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ይገትርሻል፣ ሂጂ እንጂ።"