ስጥ ላይ የዋለው ማሽን

ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ወዲህ ከስልክ መልእክት የበለጠ ነገር ጽፌ አላውቅም። ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። ይህንንም የምጽፈው አፍ አውጥቼ ለሰው መናገር ስለማልችል ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል እሷ ጋ አይደርስም።

ልጅ ሆኜ የያዘኝ ትኩሳት ግራ ጆሮዬን ወሰደው፤ ቀኙም ከዓመት ዓመት እየደከመ መጣ። መስማቱ ሲቀንስ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጩኸት ጨመረ። ባዶ ቤት ውስጥ ጣቢያ ሳይዝ ተከፍቶ የተረሳ ሬዲዮ በሉት። ቤቱ ግን እኔ ነኝ፤ ወጥቼ የምሄድበት የለም። ወልቂጤ ሄደን ጠብታ ሰጡኝ። ቡታጅራ ሼኹ ዱዓ አደረጉልኝ። ጩኸቱ እንዳለ ነበር።

ኋላ አዲስ አበባ ላይ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች በነፃ የጆሮ ማሽን ይገጥማሉ ሲባል ታላቅ ወንድሜ ይዞኝ ሄደ። ሐኪሟ የምትለውን በስልኩ እየጻፈ ያሳየኝ ነበር። አንዱ ክፍል በቀዶ ሕክምና ቆዳ ሥር ይገባል፤ ሌላው ከውጭ በማግኔት ራስ ላይ ይለጠፋል። ጆሮዬ የሚሰማው ነገር ሲያገኝ ጩኸቱም ሊቀንስ ይችላል። ቆየት ብሎ ደግሞ ጻፈ፦ «በቀኝ ጆሮሽ የቀረችው ትንሽ መስማት ግን ልትጠፋ ትችላለች ትላለች። ምን ልበላት?»

ከእናቴ ንግግር በዚያ ጆሮ የሚደርሰኝ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ጩኸቱ ከሚኖር ያቺም ትሂድ ብዬ አሰብኩ። «እሺ በላት» አልኩት።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለኝ። ወራት ሲያልፉ ግን እያንዳንዱ ድምፅ የማን እንደሆነ መለየት ጀመርኩ። ጩኸቱ ጠዋት ማግኔቱን ስለጥፍ ይሄዳል፤ ማታ ሳወልቀው በር ላይ ሲጠብቀኝ እንደዋለ ሁሉ ይመለሳል። በርበሬ በምንቀነጥስበት መጋዘን ሴቶቹ ማሽኑን የምሸፍንበትን ሻሼን እያዩ ይቀልዱብኝ ነበር።

«ራሷ ላይ ማንኪያ ይጣበቃል አሉ።»

«ተዪያት ባክሽ፣ ሐሜታችንን እየቀዳች ነው።»

«የናንተንማ ሳወልቀውም እሰማዋለሁ» አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነው ያልኩት፤ ግን አልኩ። ሳቃቸውን ሰማሁት። በሕይወቴ ሰው ማሳቄን የማስታውሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ በርበሬው በደረሰበት ሰሞን፣ ከገበያ ስመለስ ያልታሰበ ዝናብ መታኝ። ሻሹም ከሥሩ ያለው ማሽንም በሰበሱ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣ፤ ድምፁ ግን ይቆራረጥ ነበር። እናቴ ግቢ ውስጥ በርበሬ እያሰጣች ነበር። እኛ ቤት የራሰ ነገር ሁሉ የሚሄደው ወደ ስጡ ነው፤ እህሉም፣ ፍራሹም፣ የወንድሜ ጫማም። ማሽኔን ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋ በርበሬው መሃል አኖረችው። ዶሮ እንዳይነካው አጠገቡ ተቀመጠች፤ ጥላ ሲመጣ ጨርቁን እየሳበች ወደ ፀሐዩ ትመልሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ አንስቼ ስለጥፈው እፍኝ ውስጥ እንደተያዘ ቅቅል ድንች ይሞቃል። ምንም አልሰማሁም። ጩኸቱ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ ለወንድሜ ሙቀቱ ውስጡን አበላሽቶታል አለው። ምትኩ የሚመጣው ከውጭ ነው። እነዚያ ሐኪሞች ከሄዱ አልተመለሱም፤ መቼ እንደሚመጡም የሚያውቅ የለም። ቆዳዬ ሥር ያለው ክፍል ግን ደህና ነው አሉ። ከጆሮዬ ጀርባ በጣቴ ስዳስሰው አገኘዋለሁ። ያቺ ጉርምርምታም ሐኪሟ እንዳለችው ሄዳለች።

ለእናቴ ማሽኑ አርጅቶ ነው አልናት። ስትናገር ከንፈሯን አያለሁ፤ ጥቂቱን እይዛለሁ፣ ለቀረው ራሴን እነቀንቃለሁ። እሷም አሁን አሁን መናገሩን ትታለች፤ በእጇ ትጠራኛለች። ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር ልይዘው ስሞክር ያመልጠኛል። የቀረኝ በዚያ ጠዋት፣ በተቆራረጠው ማሽን የደረሰኝ ነው። በርበሬ ያቀላውን መዳፏን ዘርግታልኝ ነበር።

«አውልቂና ስጪኝ የኔ ልጅ፤ ፀሐይ ላይ ላስጣልሽ። እስከ ዙህር ሶላት ይደርቅልሻል፣ ኢንሻአላህ።»